ቤሌም፦ በታጉስ ወንዝ ዳር በድንጋይ የተጻፉና ያልተጻፉ ስሞች

ቤሌም ከሊዝቦን መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የታጉስ ወንዝ ሰፍቶ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ሊገናኝ በሚቃረብበት ዳርቻ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ሰፈር ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ሐምሌ 8 ቀን 1497 አራት መርከቦች ይዞ ወደ ሕንድ የተነሣው ከዚሁ ዳርቻ ሲሆን፣ ፖርቱጋል ከዚያ በኋላ ያገኘችው ሀብትና ዝና ሁሉ በዚህ ጠባብ መሬት ላይ በድንጋይ ተጽፎ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ወደዚያ የሄድኩት ግን ስለ ሕንድ መንገድ ለማወቅ አልነበረም። በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ «ፖርቱጋሎች» ከባሕር ማዶ ድንገት ወደ ምጽዋ የሚደርሱ፣ ከኢማም አሕመድ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ ከገጹ ላይ የሚጠፉ ሰዎች ነበሩ። የተነሡበትን ወደብ፣ የላኳቸውን ነገሥታት መቃብር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእኛ አገር ተነሥተው ወደዚያ የሄዱት መልእክተኞች ያረፉበትን ዳርቻ በዓይኔ ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር።

በሊዝቦን የምትማር የእህቴ ልጅ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በወንዙ ዳር በሚሄደው በ15 ቁጥር ትራም ይዛኝ ሄደች። ወደ ካሽካይሽ የሚሄደው ባቡርም በቤሌም ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ትራሙ በመጋዘኖቹና በአሮጌዎቹ መኖሪያ ቤቶች መካከል ስለሚያልፍ፣ ከተማዋ ከወንዙ ጋር ያላትን ቅርበት ለማየት የተሻለ ነው። ከትራሙ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት መቀመጫ የሆነውን ሮዝ ቀለም የተቀባ ቤተ መንግሥት ነው። ጥቂት ራመድ ሲሉ ደግሞ የዤሮኒሙሽ ገዳም ነጭ የድንጋይ ግድግዳ ይጀምራል፤ ሲጀምርም ቶሎ አያልቅም።

ገዳሙ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ላይ «መርከበኛው» እየተባለ የሚጠራው ልዑል ሄንሪክ ለእመቤታችን ያሠራት አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት ነበረች። ወደ ባሕር የሚወጡ ሰዎች የመጨረሻ ጸሎታቸውን የሚያደርሱት በእርሷ ነበር። ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ በ1501 በዚያው ስፍራ ታላቁን ገዳም ማሠራት ጀመረ፤ ሥራው ተጠናቆ እስኪያልቅ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ወጪው የተሸፈነው ከአፍሪካና ከምሥራቅ በሚመጣው ንግድ ላይ ከተጣለው የአምስት በመቶ ቀረጥ ነው። ከአፍሪካ ይመጣ በነበረው ንግድ ውስጥ ወርቅ ብቻ ሳይሆን በባርነት የተያዙ ሰዎችም ስለነበሩ፣ በዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ አፍሪካዊ ይህን ሳያስብ ማለፍ ይቸግረዋል። እኔም ሳስበው ቆየሁ፤ ሆኖም የጠራቢዎቹን ጥበብ ማድነቄን አልተውኩም። ገመድ፣ ዛጎል፣ ቅጠል፣ ቅዱሳንና የባሕር አውሬ በአንድ በር ዙሪያ ተጠላልፈው ሲታዩ፣ ድንጋዩ በመሮ የተጠረበ ሳይሆን በመርፌ የተጠለፈ ይመስላል። በ1755 ሊዝቦንን ያፈረሰው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ገዳም በአብዛኛው ሳይነካው ማለፉ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የነበረችውን ከተማ ለመገመት ያለንን ዕድል ጠብቆልናል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገቡ፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ የቫስኮ ዳ ጋማና የገጣሚው የካሞይሽ መቃብሮች ይታያሉ። አብዛኛው ጎብኚ በእነዚህ ዙሪያ ይሰበሰብና ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ ግን ለአገሬ ሰዎች የምመክረው ወደ ውስጥ ዘልቀው መቅደሱ ፊት እንዲደርሱ ነው። በዚያ የንጉሥ ማኑኤልና የልጁ የንጉሥ ዡዋዎ 3ኛ መቃብሮች ከንግሥቶቻቸው ጋር በእብነ በረድ ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሁለት ነገሥታት ለእኛ ታሪክ ከቫስኮ ዳ ጋማ ይልቅ ይቀርባሉ፤ ከኢትዮጵያ የተላኩ መልእክተኞችን በየተራ የተቀበሉት እነርሱ ናቸውና።

የመጀመሪያው መልእክተኛ ማቴዎስ ነበር። የአርመን ተወላጅ እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ሰው፣ በሕፃኑ በልብነ ድንግል ስም መንግሥቱን ትመራ የነበረችው ንግሥት እሌኒ የላከችው ሲሆን፣ ደብዳቤዋንና ከጌታ መስቀል የተከፈለ ግማድ ይዞ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 ሊዝቦን ደረሰ። በመንገድ ሳለ ፖርቱጋላውያኑ ሰላይ ነው ብለው ጠርጥረው አንገላተውታል፤ ማኑኤል ግን በክብር ተቀበለው። የእሌኒ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ የባሕር ኃይል ያለው ክርስቲያን መንግሥትና የምድር ጦር ያለው ክርስቲያን መንግሥት በቀይ ባሕር ላይ እንዲተባበሩ ትፈልግ ነበር። ይህን ያቀደችው ፖርቱጋል በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከታየች ብዙም ሳይቆይ መሆኑ፣ በዘመኑ ከነበሩት ገዥዎች መካከል አርቆ በማየት ከፊተኞቹ ተርታ የሚያሰልፋት ይመስለኛል። ማቴዎስ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ ወረደ፤ ነገር ግን ንጉሡ ዘንድ ሳይደርስ በደብረ ቢዘን አረፈ።

ሁለተኛው፣ እኔ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሰብኩት፣ ጸጋ ዘአብ ነው። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ስድስት ዓመት ተቀምጦ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ይህን ካህን አብሮ ላከው። ንጉሡ ለዡዋዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የጠየቀው ጦር ብቻ አልነበረም፤ ወርቅና ብር የሚሠሩ፣ መሣሪያ የሚያበጁ፣ መጽሐፍ የሚያትሙ ባለሙያዎች እንዲላኩለት ይለምን ነበር። የኅትመት ጥበብ በአውሮፓ ራሱ መቶ ዓመት ባልሞላው ጊዜ ከሸዋ ተራሮች ላይ ሆኖ ማተሚያን የጠየቀ ንጉሥ መኖሩን ሳስብ፣ ጥያቄው ቢመለስለት ኖሮ ታሪካችን በምን በኩል ይሄድ ነበር እያልኩ አሁንም እቆጫለሁ።

ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝቦን ደረሰ፤ በፖርቱጋል ከአሥር ዓመት በላይም ቆየ። ጉዳዩን ጨርሶ እንዲመለስ ከማድረግ ይልቅ የአገሩ ሊቃውንት ስለ ሃይማኖቱ ይመረምሩት ጀመር፦ ቅዳሜን ስለ ምን ታከብራላችሁ፣ ስለ ምን ትገረዛላችሁ፣ አንዳንድ ምግቦችን ስለ ምን አትበሉም እያሉ ተከራከሩት። ከቅዱስ ቁርባንም ከለከሉት። ለአንድ ካህን በባዕድ አገር ከዚህ የሚከብድ ነገር አላውቅም። እርሱ ግን በዝምታ አልተቀመጠም። ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ ስለ ኢትዮጵያውያን እምነት እንዲጽፍለት በጠየቀው ጊዜ፣ በ1534 ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሰፊ ማብራሪያ ጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እምነቱን ያስረዳል፤ የመጣውም ለወዳጅነት እንጂ ለክርክር አለመሆኑን ይናገራል፤ ግሪክም ይሁን አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፣ በክርስቶስ ያመነ ሁሉ እንደ ወንድም ሊታይ እንደሚገባው አጥብቆ ያሳስባል። ጎይሽ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ከተማ አሳተመው። አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ገዛ ሃይማኖቱ በራሱ አንደበት ለአውሮፓ አንባቢ ሲናገር ከተሰማባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሰራጭ ታገደ። ያገደውም የንጉሡ ወንድም፣ ኢንኩዊዚሽን የተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ፍርድ ቤት የበላይ የነበረው ካርዲናል ሄንሪክ ነው፤ በኋላ እርሱ ራሱ ነግሦ በ1580 ሞተ፤ መቃብሩም በዚሁ በዤሮኒሙሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎይሽም በስተርጅናው በ1571 በኢንኩዊዚሽን ተይዞ ታስሯል። እንግዲህ ማቴዎስን የተቀበለው ማኑኤል፣ ጸጋ ዘአብ የተላከበት ዡዋዎና የጸጋ ዘአብን ቃል ያገደው ሄንሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኝተዋል ማለት ነው። የመልእክተኞቹን ስም ግን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የትም አላየሁም። ጸጋ ዘአብ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሥቶ ሕንድ ደረሰ፤ ኢትዮጵያን ግን ዳግመኛ አላየም።

የገዳሙ ውስጠኛ አደባባይ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ ዓምዶቹ አንዱ ከሌላው የተለየ ቅርጽ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሊዝቦን ስምምነት በታኅሣሥ 2007 የተፈረመው በዚሁ ገዳም ነው። መነኮሳቱ ከዚህ የወጡት መንግሥት በ1834 ገዳማትን በዘጋ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1837 ከገዳሙ አጠገብ የተከፈተው ጣፋጭ መጋገሪያ ቤት፣ የገዳሙ ነው በሚባለው አሠራር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ስስ ሆኖ በተነባበረ ሊጥ ውስጥ የእንቁላል አስኳልና ክሬም ተሞልቶ በከባድ እሳት የሚጋገር፣ ላዩ ላይ ቀረፋ የሚነሰነስበት ትንሽ ኬክ ነው። ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ቶሎ ይሄዳል፤ ትኩሱን መብላት ይገባል።

ከዚያ መጋገሪያ ቤት አጠገብ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከውስጡ አምስት የድንጋይ ቀለበቶች ያሉት ዓምድ ቆሟል። በ1758 በንጉሥ ዡዜ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወር የአቬይሩ መስፍንና የታቮራ ቤተሰብ በሙከራው ተወንጅለው በቤሌም አደባባይ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደሉ። የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ፈረሰ፤ መሬቱ ላይ ጨው ተነሰነሰበት፤ በዓምዱ ላይም በዚህ ቦታ ለዘለዓለም ቤት እንዳይሠራ የሚል ትእዛዝ ተቀረጸ። ዛሬ ዓምዱን ቤቶች ከበውታል። ቤሌም የሚከብረውን ብቻ ሳይሆን የሚወገዘውንም በድንጋይ የጻፈ ሰፈር መሆኑን ያየሁት በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ነው።

ከገዳሙ ፊት ለፊት እስከ ወንዙ የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳና አትክልት ቦታ ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ ባዶ አልነበረም። የአምባገነኑ የሳላዛር መንግሥት በ1940 «የፖርቱጋል ዓለም» የተባለውን ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ፣ በዚያ የነበሩት የአሮጌው ቤሌም ቤቶች ፈርሰው አደባባዩ ተሠራ። የቀድሞውን ሰፈር መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው በቪዬይራ ፖርቱዌንሴ ጎዳና ላይ የቀሩትን፣ ዛሬ በአብዛኛው ምግብ ቤት የሆኑትን ጠባብ ፊት ያላቸውን ቤቶች ይመልከት። ከገዳሙ ጎን ባለው የአትክልት ስፍራ ደግሞ በዚያው ኤግዚቢሽን ጊዜ ከቅኝ ግዛቶች የመጡ ሰዎች ለተመልካች ትርኢት ሆነው እንዲኖሩ ተደርገው ነበር። ዛሬ ስፍራው የሐሩር አካባቢ ዕፅዋት የሚታዩበት ሲሆን፣ ስማቸው ያልተነገረ የአፍሪካና የእስያ ሰዎች የጭንቅላት ቅርጾች በመንገዱ ዳር ቆመዋል። የእህቴ ልጅ እነዚህን ቅርጾች ስታይ መናገር አቆመች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ወንዙ ዳር የቆመው የግኝቶች ሐውልትም የዚያ ኤግዚቢሽን ውላጅ ነው። በ1940 ለጊዜው ከተሠራ በኋላ፣ በ1960 ልዑል ሄንሪክ የሞተበት 500ኛ ዓመት ሲታሰብ በጽኑ ድንጋይና ሲሚንቶ እንደገና ተገነባ። ከሃምሳ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በመርከብ አፍንጫ ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ከፊት ሄንሪክ፣ ከኋላው በሁለቱም ጎን ሌሎች ሠላሳ ሁለት ሰዎች ተሰልፈዋል። ከእነዚህ መካከል ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም የሄንሪክ እናት ንግሥት ፊሊፓ ናት። የእህቴ ልጅ የስሞቹን ዝርዝር ከስልኳ እያነበበች፣ እኔም ከድንጋዩ ላይ እየፈለግሁ ዞርነው።

በምሥራቁ ጎን ከፊተኞቹ መካከል ቫስኮ ዳ ጋማ ቆሟል። በዚያው ጎን ወደ ኋላ ሁለት ልጆቹ አሉ። አንደኛው የሕንድ ገዥ የነበረውና በ1541 መርከቦቹን ይዞ ምጽዋ የደረሰው ኢሽቴቫዎ ነው። ሁለተኛው የእኛ የታሪክ መጻሕፍት ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚሉት ወጣቱ ወንድሙ ክሪስቶቫዎ ሲሆን፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ክሪስቶቫዎ አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከደብረ ዳሞ የወረደችው ንግሥት ሰብለ ወንጌልም አብራው ዘመተች። በ1542 የጸደይ ወራት ኢማም አሕመድን በተከታታይ ጦርነቶች ገጠመ፤ በነሐሴ ወር ግን ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከና ተገደለ። የተረፉት ጓዶቹ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተቀላቅለው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በወደቀበት ውጊያ ተሰልፈዋል።

በምዕራቡ ጎን ደግሞ ፔሮ ዳ ኮቪልሃ አለ። በ1487 ንጉሥ ዡዋዎ 2ኛ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» ይባል የነበረውን ክርስቲያን ንጉሥ እንዲፈልግ በድብቅ የላከው ሰው ነው። ካይሮን፣ ኤደንን፣ የሕንድን ወደቦችና ሆርሙዝን አዳርሶ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዚያም እንዳይወጣ ተከለከለ። ርስት ተሰጠው፣ አገባ፣ ወለደ። በ1520 የመጡት መልእክተኞች ሲያገኙት ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአገሩ ርቆ ነበር፤ አብሯቸው ለመጣው ካህን ለፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አስተርጓሚና መካሪ ሆነለት። አልቫሬዝ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያየውን ሲጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ እስከ መማል የደረሰ ሰው ነው፤ ስለ ዘመኑ ኢትዮጵያም ብዙ የምናውቀው ከእርሱ ነው።

«አጎቴ፣ በዚህ በኩል ስንቴ አልፌያለሁ» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ «አንዱ ወፍላ ላይ እንደሞተ፣ አንዱ ደግሞ እኛ ዘንድ ልጅ ወልዶ እንደቀረ የነገረኝ የለም።» እኔም አሕመድ የተዋጋው፣ ሰብለ ወንጌል የዘመተችው፣ ልብነ ድንግል ደብዳቤ የጻፈው ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ዘመን መሆኑን ነገርኳት። ከዚህ ታሪክ በሐውልቱ ላይ የተቀመጡት ግን ሁሉም ከዚህ ወደዚያ የሄዱ ናቸው፤ ከዚያ ወደዚህ የመጣ አንድም ሰው አልተቀረጸም። ክሪስቶቫዎ በምድራችን ላይ ደሙን ያፈሰሰ ነውና በዚያ በመቆሙ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ታሪኩ የአንድ ወገን ጉዞ ሆኖ መነገሩ ነው፤ ማቴዎስም ጸጋ ዘአብም ያንኑ ባሕር፣ በእነዚያው መርከቦች፣ ያንኑ ሞት እየተጋፈጡ ተሻግረዋል።

ከሐውልቱ ወደ ምዕራብ በወንዙ ዳር ሲራመዱ የቤሌም ግንብ ይገኛል። ፍራንሲስኮ ደ አሩዳ ከ1514 እስከ 1519 ባለው ጊዜ ውስጥ የሠራው ይህ ምሽግ፣ ወደ ሊዝቦን የሚገባውን መርከብ ሁሉ ለመጠበቅ በወንዙ ውስጥ በነበረ ዐለት ላይ የቆመ ነበር፤ በኋላም እስር ቤት ሆኗል። ከማማዎቹ በአንዱ ሥር የአውራሪስ ራስ ተቀርጿል። በ1515 ከሕንድ ለንጉሥ ማኑኤል የተላከው አውራሪስ በዚህ ወንዝ ገብቶ መላውን አውሮፓ አስደንቆ ነበርና፣ ቅርጹ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ማቴዎስ ከሊዝቦን የተመለሰው በዚያው ዓመት ነው፤ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሲመጣ ግንቡ ተሠርቶ አልቋል፤ ከባሕር የሚመጣ መርከብ ሌላ መንገድ ስለሌለው በፊቱ አልፏል። ስለ አውራሪሱ የቀረጹት ሰዎች ስለ ካህኑ አንድ መስመር አልቀረጹም።

ከአገራችን ሰዎች ወደ ሊዝቦን የምትሄዱ ካላችሁ፣ ቤሌምን ለግማሽ ቀን ሳይሆን ለሙሉ ቀን ያዙት። ከሰኞ በቀር በማንኛውም ቀን፣ ገዳሙ ሲከፈት ቀድማችሁ ግቡ፤ በመግቢያው መቃብሮች ሳትገቱ እስከ መቅደሱ ዝለቁ፤ ሐውልቱን በሁለቱም ጎን ዙሩት፤ ግንቡን ለከሰዓት በኋላ አቆዩት። የጸጋ ዘአብ ጽሑፍ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ይገኛልና አስቀድማችሁ አንብቡት። በሊዝቦን ያሉ ወገኖቻችንና አብያተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተነጋግረው በወንዙ ዳር የሁለቱ መልእክተኞች ስም፣ የመጡበት ዓመትና የላኳቸው ገዥዎች ስም በግእዝ ፊደልና በፖርቱጋልኛ የተጻፈበት አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ተገቢና የሚቻል ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም ለዚሁ የሚሆን ማመልከቻ ለማርቀቅ ከእህቴ ልጅ ጋር ተስማምተናል፤ ፖርቱጋልኛውን እርሷ ትጽፋለች።